የሎሚው ታርትና የሊፍቱ ሰው

ያን ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ከሆስፒታል ስትመለስ እግሯ የውሰት ይመስል አልታዘዝ ብሏት ነበር። የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ሰንብቷል። በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው ሎሚ የሞላ ፌስታል አንጠልጥላ እስከ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣች። መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ አምሯት ነበር። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

እትዬ የወጣላት ስም አልነበረም። እናትና አባቷ ተከታትለው ሲሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከሥሯ ሁለት ወንድሞችና ገና በዳዴ የምትሄድ እህት ነበሩ። ልጆቹ እትዬ አሏት፣ ጎረቤቱ ተከተለ፣ ባለሱቁ ተከተለ፤ ውሎ አድሮ በዕድሜ የሚበልጧት ሰዎች ሳይቀሩ እትዬ ይሏት ጀመር። እሷም የነርስነት ትምህርቷን እየተማረች፣ እያበሰለች፣ እያጠበች፣ ደብተር እየፈተሸች አርባ አንድ ዓመት ሞላት። ወንድሞቿ አግብተው ወጡ። የቀረችው ሚጡ ብቻ ነበረች፤ እነሆ የሚጡ እጮኛ እናቱን ይዞ ሊመጣ ቀኑ ደረሰ።

በር የከፈተችላት አክስቷ ነበረች። አክስት የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ከቀብሩ በኋላ ልጆቹን ልታግዝ መጣች፣ ሳሎን ካለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም።

«መጣሽ? እሰይ! ያን የፈረንጅ ነገር ቶሎ ጀምሪው። እኔ ለእንግዶቹ ፊቴ እንዲያርፍ ትንሽ ጋደም ልበል።»

«ጋደም ይበሉ አክስቴ» አለች እትዬ። ማረፍ የሚገባው ማን እንደሆነ ለመከራከር ጊዜ አልነበራትም።

ጣጣውን ያመጣችው ሚጡ ናት። የእጮኛዋ እናት ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናቸው። አንድ ቀን ስለ ወጣትነታቸው ሲያወሩ፣ በተማሩበት አገር ይበሉት የነበረውን የሎሚ ታርት፣ ያን በሎሚ ክሬም የተሞላ ጠፍጣፋ ኬክ፣ አንስተው «ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ አልቀመስኩም» ቢሉ፣ ሚጡ ዘላ «እትዬ ትሠራዋለች!» አለቻቸው። ውሸቷን አልነበረም። እትዬ በምትሠራበት የኩላሊት እጥበት ክፍል አንድ ኬክ ሠሪ ሽማግሌ ታካሚ ነበሩ፤ ማሽኑ ደማቸውን እያጠበ እሳቸው ታርት ያስተምሯት ነበር። «ልጄ፣ ቅቤሽ ይቀዝቅዝ፣ እጅሽም ይቀዝቅዝ፣ ልብሽ ብቻ እንዳይቀዘቅዝ» ይሉ ነበር። ሁለት ጊዜ ሠርታው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚጡ ግማሹን ብቻዋን በላችው። ይኸው ዛሬ ሚጡ ጸጉሯን ልትሠራ ወጥታለች፤ እትዬ ደግሞ ሽርጧን አገልድማለች።

ቀዝቃዛውን ቅቤ ከዱቄቱና ከተፈጨው ስኳር ጋር በጣቶቿ ጫፍ እየፈተገች አሸዋ አስመሰለችው። የእንቁላል አስኳል ጨመረችበትና ሳታሸው ሰብስባ ብቻ አድበለበለችው፤ ብዙ ያሹት ሊጥ ኦቭን ውስጥ ይኮማተራል። በላስቲክ ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ አስተኛችው። ሊጡ ማረፍ አለበት። በዚያ ቤት ከአክስት ቀጥሎ ማረፍ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነበር።

አርፎ ሲወጣ ዳመጠችው፣ በክቡ ፎርማ ላይ አልብሳ ጠርዙን በጣቷ አስተካከለች፣ የሊጡን ወለል በሹካ ወጋጋች። የመጋገሪያ ወረቀት አነጠፈችበትና እንዳያብጥ ደረቅ ባቄላ ሞልታበት ኦቭን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሎሚውን መፈቅፈቅ ጀመረች። ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው። ለአፍታ ድካሟን ረሳች፤ እንዲያውም አንድ ዜማ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀምራ ነበር።

ድንገት የኦቭኑ መብራት ድርግም አለ። ፍሪጁም ጉርምርምታውን አቆመ።

ሽርጧን እንዳገለደመች በሩን በርግዳ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። «ማነው መብራቱን ያጠፋው? ሰው የለም ብላችሁ ነው?»

የሊፍቱ በር ተከፍቶ ነበር። ከውስጥ፣ ከጉድጓዱ፣ የወንድ ድምፅ መጣ። «ይቅርታ እመቤት፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው። ሽቦ እየቀየርኩ...»

ድምፁን ከሺህ ድምፅ ትለየዋለች። እጇ ላይ የሎሚ ልጣጭ እንደተጣበቀ ቆማ ቀረች። እሱም ብቅ ብሎ አያት፤ በግንባሩ ላይ መብራት አስሯል፣ ጉንጩ ዘይት ነክቶታል። አንድ ዓመት ሙሉ አልተያዩም ነበር።

«ሲስተር?» አለ በቀስታ።

ያን ዓመት ሙሉ በልቧ ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር! የሚወጉ ቃላት ነበሯት፤ የሚያኮሩ ቃላትም ነበሯት። ከአፏ የወጣው ግን «ኦቭን ውስጥ ሊጥ አለኝ» የሚል ብቻ ሆነ።

«አሁን አበራዋለሁ» አለ።

ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ልቧ አምስት ፎቅ በሩጫ የወጣ ሰው ልብ ይመስል ነበር።

የተዋወቁት ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። የታካሚዎቹ ሊፍት ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነበር፤ በኋላ በኋላ ሊፍቱ ሳይበላሽም መምጣት ጀመረ። ጥቂት የሚናገር፣ ሲናገርም እያንዳንዱን ቃል እንደ ብሎን አጥብቆ የሚያስር ሰው ነበር። እንደሌላው ሁሉ እትዬ አላላትም፤ ሲስተር ነበር የሚላት፤ እሱ ሲለው ግን የሥራ ስም አይመስልም ነበር። ነገሩ አክስት ጆሮ ሲደርስ ሳቀች። «የሊፍት ሰው? ኑሮው እንደ ሥራው ነው፤ ዛሬ ላይ፣ ነገ ታች። የዳይሬክተር ልጅ እኮ ነሽ!» የእትዬ አባት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ አክስት በዚያ ስም ሃያ ዓመት ከበላች በኋላም ገና አልጠገበችም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ እትዬ የራሷንም የባልደረባዋንም ተራ ሠርታ ስትወጣ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቆ «እንጋባ» አላት። ያን ቀን ሁለት ታካሚዎች ሞተውባት ነበር። «ደክሞኛል፣ ተወኝ» አለችው። እሱም ተዋት። በማግስቱ አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ሊፍቱን የሚጠግን ሌላ ሰው ተላከ። እሷም «ለካስ ሰበብ ሲፈልግ ነበር» ብላ ነገሩን ከሌላው ሸክሟ ላይ ደረበችው፤ አንድ ተጨማሪ ሸክም ማን ያይላታል?

በሩ ተንኳኳ።

«መብራቱ መጣ ወይ ልል ነው» አለ። እጁን ታጥቦ ነበር፤ ጉንጩን ግን ረስቶታል።

«መጥቷል። ሊጡ ግን በአንድ በኩል ሟሟ።» ባቄላውንና ወረቀቱን አንስታ አሳየችው። የታርቱ ግድግዳ በአንድ ወገን ዝቅ ብሏል።

አጎንብሶ አየው። «የኔ ጥፋት ነው።»

«የማንም ጥፋት አይደለም» አለች። ወዲያው የምትናገረው ስለ ሊጡ መሆኑን ተጠራጠረች።

የታርቱን ቂጣ እስኪቀላ ኦቭን ውስጥ መልሳ ከተተችና ወደ ክሬሙ ዞረች። የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳር፣ እንቁላልና የተፈቀፈቀ ልጣጭ በለስላሳ እሳት ላይ ጥዳ መምታት ጀመረች። አንዴ ከተጀመረ አይቆምም፤ ለአፍታ እጅ ካረፈ እንቁላሉ እንደ ፍርፍር ይሆናል። እጇ ሲዝል መምቻውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። እሱ ከበሩ ሥር ሆኖ አየ፤ ምንም ሳይል መጥቶ መምቻውን ከእጇ ወሰደ።

«እንዳታቆም።»

«አላቆምም።»

ጎን ለጎን ቆመው ሁለቱም ድስቱን ያዩ ነበር። ዓይን ለዓይን መተያየት አይቻልም፤ ክሬሙ አይፈቅድም።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ወደቡ ከተማ። ትልቅ ሆስፒታል እየተሠራ ነው፤ ሊፍቶቹን የምገጥመው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። የዚህ ሕንፃ ሊፍት እዚህ ከተማ የመጨረሻ ሥራዬ ነው።»

«ደህና ነዋ» አለች። ዝቅ ያለውን እሳት ደግማ ዝቅ አደረገች።

«ደህና ነው።»

ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አላት።

«እንዳታቆም እንጂ ጠይቅ።»

«ያን ቀን... ትንሽ ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ይህ ይጎድልሃል፣ ይህ አይሆነኝም ብትዪኝ? ተወኝ ብቻ?»

«ደክሞኛል ነው ያልኩህ።»

«ደክሞኛል፣ ተወኝ ነው ያልሽኝ። ያችን ቃል መቼም አልረሳትም።»

«ታዲያ ተወኝ ማለት እኮ ለዛሬ ተወኝ ማለት ነው!» ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ። «ልተኛበት፣ ነገ ና ማለት ነው! ማን ለዓመት አለህ?»

እጁ ሊቆም ነበር፤ አንጓውን ያዘችና አብራው መታች። እጇን ግን አላነሳችም።

«እኔ ተወኝ ሲሉት የሚተው ሰው ነኝ» አለ፣ ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሳ። «በልጅነቴም እንዲሁ ነበርኩ። አንድ በር ሁለቴ አላንኳኳም። ኩራት እንዳይመስልሽ፤ ፍርሃት ነው። በሆስፒታሉ ፊት ለፊት ስንቴ አልፌአለሁ መሰለሽ። አንድ ቀን በመስኮት አይቼሻለሁ፤ የአንድ ሽማግሌ ብርድ ልብስ ታስተካክዪ ነበር።»

«ምነው አልገባህም?»

«ደክሞሽ ነበር።»

ክሬሙ ጠና፤ መምቻው መንገድ እያወጣበት ነበር። ከእሳቱ አወረደችው፣ በወንፊት አጠለለችው፣ ቅቤውን ጣል ጣል አደረገችበት። በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ ለእሱም ሰጠችው። ኮምጣጣው የሁለቱንም ዓይን አስነባ፤ አንዳቸውም ሎሚው ነው አላሉም፣ አንዳቸውም አይደለም አላሉም።

«እህ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አክስት ናት፤ ፊቷ አርፏል፣ ምላሷ ግን አላረፈም። «ሊፍቱ አለቀ?»

«አልቋል እሜቴ፤ የየፎቁን መሸፈኛ ማሰርና መፈተሽ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እንግዲያው የሊፍት ሰው ወደ ሊፍቱ። እንግዳ አለብን።»

መምቻውን አስቀምጦ እትዬን አያት። አንዲት ቃል የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ቃሉም ነበራት፤ ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ስትታዘዝ የኖረች ምላስ በአንድ ቀን ከየት ትማረው? ወንፊቱን አንስታ ማጠብ ጀመረች። በሩ ተዘጋ፤ እሷም ከሞቀው ምድጃ አጠገብ ቆማ በረዳት።

ክሬሙን በቂጣው ላይ አፈሰሰች፤ በዝቅተኛው በኩል ሊገነፍል ትንሽ ሲቀረው ቆመ። መልሳ ኦቭን ውስጥ ከተተችው። ጠርዙ ረግቶ መሃሉ ገና ሲንቀጠቀጥ አወጣችው። ከዚያ በላይ ከቆየ ይሰነጠቃል። መስኮቱ ሥር አኑራ ስታቀዘቅዘው ሚጡ መጣች፤ ጸጉሯ አምሮባታል፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ «የኔ እናት! የኔ ባለሙያ!» አለቻት። እትዬ ፈገግ አለች። እህቷን ትወዳታለች፤ ችግሩም እሱ ነበር።

እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ በተጠገነው ሊፍት ሽው ብለው መጡ። የእጮኛው እናት ወፍራምና ሳቂታ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። እጮኛው ዝምተኛ ነው፤ ከሚጡ ላይ ዓይኑን አያነሳም። ታርቱ ቀረበ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ጎርሰው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ሎሚው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሎሚነቱን አልካደም። ሰው በስኳር ይደብቀዋል እኮ። ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።»

አክስት ሙገሳው የራሷ የሆነ ያህል ተዘረጋች። «ምን አይታችሁ! እትዬ ለራሷ አታውቅም። የሙሽሮቹም ቤት ያለ እሷ የሚቀር እንዳይመስልዎት፤ ከሠርጉ በኋላ ከነሚጡ ጋር ነው የምትገባው። ልጅ ሲመጣስ ማን ያሳድጋል? እሷን የመሰለች ከየት ይገኛል?»

ሚጡ እጆቿን አጨበጨበች። «ውይ አክስቴ፣ ነገሯት እኮ! እኔ በድንገት ላስደስታት ነበር። እትዬ፣ በአዲሱ ቤታችን የጓሮው ክፍል ያንቺ ነው። ቀለም ሳይቀር አስቀብቼዋለሁ፤ ከልጆቹ ክፍል ጋር በር ያገናኘዋል።»

እትዬ ቢላውን ይዛ ሁለተኛውን ቁራሽ ልታነሣ ነበር። ያ ክፍል በዓይነ ኅሊናዋ መጣባት፤ በሩ ተከፍቶ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፣ እሷ ትነሣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። የሚያስፈራው ክፉ ሐሳብ አለመሆኑ ነበር። በፍቅር የተቀባ ክፍል ነበር።

ቢላውን አስቀመጠች። «አልገባም ሚጡዬ» አለች።

«ምን?»

«አልገባም። እወድሻለሁ። ልጅ ስትወልጂ እመጣለሁ፣ እስማለሁ፣ አቅፋለሁ፣ ሲመሽ ቤቴ እሄዳለሁ። አላሳድግም። እኔ አሳድጌአለሁ። አንቺን።»

የሚጡ ከንፈር እንደ ልጅነቷ ተንቀጠቀጠ። «አስቀየምኩሽ?»

«አላስቀየምሽኝም። ደክሜአለሁ እንጂ። ደክሜ ደግሞ ማንም ሳያየኝ ነው የኖርኩት፤ እኔም ራሴ።»

«እና ምን ልትሆኚ ነው?» አለች አክስት። «እዚህ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር ልታረጂ?»

«ላገባ ነው።»

«ማንን?»

«የሊፍቱን ሰው።»

አክስት ደረቷን ያዘች። «የዳይሬክተር ልጅ! የወንድሜ አጥንት ምን ይላል? በእንግዳ ፊት! ሰውዬው ጠይቆሻል?»

«ጠይቆኛል፤ ከዓመት በፊት። መልሱን ልነግረው እየሄድኩ ነው።»

ያኔ የእጮኛው እናት አፋቸውን በናፕኪን ጠረግ አደረጉና «ይቅርታ እሜቴ» አሉ ወደ አክስት ዞረው። «እኔ በዚህ ጉልበቴ እዚህ የደረስኩት በማን ሆነና? ሂጂ ልጄ፣ ሳይሄድብሽ። እኛ ታርት አለን።»

እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፤ መሣሪያዎቹም ተነሥተዋል። ሊፍቱ ድምፅ ሳያሰማ አወረዳት። ሲከፈት ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ትንሽ መኪና ላይ እየጫነ አየችው። ስትሮጥ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ያኔ የጠየቅኸኝን ድገመው።»

ግራና ቀኙን አየ። ሰው ያልፋል፤ አንዲት ሴት ውሻ ይዛ ቆማለች። «እዚህ? መንገድ ላይ?»

«አንድ በር ሁለቴ አላንኳኳም ብለሃል። እኔ ከፍቼልሃለሁ፤ አሁን ዝም ብለህ ግባ።»

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቆቡን አወለቀ፣ ምን እንደሚያደርግበት ሲጨንቀው መልሶ አጠለቀው። «ሲስተር» አለ፣ ድምፁም ተሰበረ፣ «እንጋባ።»

«አዎ።»

«ደክሞሽ አይደለም?»

«በጣም ደክሞኛል። ደክሞኝም አዎ ነው።»

እንደ ሌላው ሰው አልተቃቀፉም። ከመኪናው ኋላ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ብዙ ጊዜ የተዘጋ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ጭቃውን እንደሚተፋ። «ሰኞ ሂድ» አለችው በመሃል። «ሥራህን አትተው። ፈቃዴን ጠይቄ ወሩ ሳያልቅ እመጣለሁ። ወደብ ቢሆንስ ኩላሊት የታመመ ሰው አያጣም።»

«አያጣም» አለ፤ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠርጎ። «እኔ እንዳጣሽ ብቻ አታድርጊኝ።»

ደስታ አልነበረም፤ ወይም ደስታው ገና አልደረሰም። ረጅም መንገድ ሸክም ይዞ የመጣ ሰው ሸክሙን ካወረደ በኋላም ክንዱ እንደሚከብደው፣ እንዲሁ ከበዳት።

«እትዬ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ሚጡ በረንዳው ላይ ቆማለች። «አቤት» የሚለው ቃል ከአፏ ሊወጣ ነበር፤ እግሯም ሊነሣ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። በረንዳው ባዶ ሆነ። ተቀየመችኝ ብላ አሰበች፤ ቢሆንም አልተነሣችም።

ጥቂት ቆይቶ የሕንፃው በር ተከፈተና ሚጡ ራሷ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ያማረው ጸጉሯ ፈርሷል። በእጇ የእትዬን ጫማ ይዛለች።

«በነጠላ ጫማ ነው የወጣሽው» አለች። «እግርሽ አብጧል እኮ።»

የሊፍቱ ሰው ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀ። ሚጡ ግን አልተቀመጠችም። አዲስ ቀሚሷን ሳትሳሳለት አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች፤ የእህቷን እግር አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ክፍሉን የእንግዳ አደርገዋለሁ» አለች ቀና ሳትል። «እንግዳ ሆነሽ ነይ እሺ? እኔ አበስልልሻለሁ።»

«አታውቂበትም እኮ።»

«እማራለኋ።»

ከእናቷ ሞት ወዲህ ለእትዬ ጫማ ያጠለቀላት ሰው አልነበረም። እጆቿን የት እንደምታኖራቸው ጨነቃት። ከዚያ ሌላውን እግሯን ዘረጋች።